አምስት መቶ ፖስታ በአንድ ጊዜ መንደፍ

ይህ ጽሑፍ ደብረ ማርቆስ ላይ ለማተሚያ ቤት ባለሙያዎች፣ ለቢሮ ሠራተኞችና ለዲዛይን ተማሪዎች ካቀረብኩት ንግግር የተዘጋጀ ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። ከአዳራሹ የተነሳ አንድ ጥያቄም ከነመልሱ መጨረሻ ላይ ጨምሬያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ከማርቆስ ብቻ ሳይሆን ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣና ከደጀን የመጣችሁም አላችሁ። ሥራችሁን ዘግታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የማወራችሁ ስለ ፖስታ፣ በተለይም ተከታትሎ እንደተያያዘ ስለሚታተም ተያያዥ ፖስታ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን በየከተማችን ስንት መሥሪያ ቤት በየወሩ ወረቀት አጥፎ፣ ፖስታ ውስጥ ከትቶ፣ ስም ጽፎ እንደሚልክ አስቡት። የውሃ ቢል አለ። የቁጠባና ብድር ማኅበራት ለአባሎቻቸው የሒሳብ መግለጫ ይሰጣሉ። ትምህርት ቤት ለወላጅ ውጤት ይልካል። የሁሉም መረጃ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ የሰውየውን ስም ያውቃል። ዕዳውን ያውቃል። የፖስታ ሣጥን ቁጥሩንም ያውቃል። ፖስታው ላይ ሲደረስ ግን አንዲት ጸሐፊ እስክሪብቶ ይዛ ትቀመጣለች። ቀኑን ሙሉ ስም ስትገለብጥ ትውላለች። ዓይኗ ይደክማል፤ ስም ይሳሳታል፤ የአንዱ ውጤት ወደ ሌላው ቤት ይሄዳል።

ይህ የጉልበት ብክነት ያሳዝነኛል። ከዚያ የሚብሰኝ ግን ሌላ ነው። ሥራው ሲሰለች ፖስታው ራሱ ይቀራል። ወረቀቱ ለሁለት ታጥፎ በስቴፕለር ይመታና ይሰጣል። ያንን ወረቀት በመንገድ የሚቀባበል ሰው ሁሉ ገልጦ ያነበዋል። አንዲት እናት ስንት ብር እንዳጠራቀመች መንደሩ ሁሉ የሚያውቅበት ምክንያት የለም። ልጁ በሒሳብ ትምህርት ስንት እንዳመጣም እንደዚያው። ፖስታ የሰውን ጉዳይ ለራሱ ለሰውየው ብቻ የሚያደርስ ዕቃ ነው። ስለዚህ ለእኔ የፖስታ ዲዛይን ቀልድ አይደለም።

ተያያዥ ፖስታ የምለው ይህን ነው። ፖስታዎቹ አንድ በአንድ አይቆራረጡም። እንደ ኮምፒውተር ወረቀት ተከታትለው እንደተያያዙ ይቆያሉ። ግራና ቀኝ ጠርዛቸው ላይ ቀዳዳ አላቸው። ዶት ማትሪክስ ፕሪንተሩ፣ ማለትም በቀጫጭን ፒኖች እየመታ የሚጽፈው ማሽን፣ በጥርሱ ቀዳዳውን እየያዘ ይጎትታል፤ አንዱን አትሞ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሰው አጠገቡ ቆሞ አንድ በአንድ አያጎርሰውም። ታትሞ ሲያልቅ በቀዳዳ መስመሩ ላይ ይቀደዳል፤ የጠርዙ ቀጭን ወረቀት ይነሳል፤ በእጃችን የሚቀረው ያው የምናውቀው ፖስታ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በጠርዝ ቀዳዳ ወረቀት የመጎተት ዘዴ በ1912 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ዴይተን ከተማ ላይ ለገበያ ወጥቷል። ፈልሳፊው ቴዎዶር ሺርመር ይባላል። ያን ጊዜ የተፈለገው ለእጅ ደረሰኝ ነበር። ሁለት ሦስት ቅጂ ወረቀት አብሮ ሲጎተት አንዱ ከሌላው እየተንሸራተተ ስላስቸገረ ነው ቀዳዳው የመጣው። ኮምፒውተር ሲመጣ ዘዴው ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይቢኤም 1403 ፕሪንተር በደቂቃ 600 መስመር ያትም ነበር። በዚያ ፍጥነት ወረቀት በእጅ ማቀበል የሚችል ሰው የለም። ወረቀቱ ከተያያዘ በኋላ ፖስታውንም አብሮ ማያያዝ ብዙ የሚያስገርም አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልግባ። ፖስታ ንደፍ የተባለ ዲዛይነር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከፊቱ ነው። ሎጎው የት ይሁን፣ ቀለሙ ምን ይሁን፣ አድራሻው ግራ ይሁን ቀኝ ይላል። ለአንድ ፖስታ ይህ ልክ ነው። ለተያያዥ ፖስታ ግን ከመጨረሻው መጀመር ነው። ተያያዥ ፖስታ ስትነድፉ የምትነድፉት አንድ ፖስታ አይደለም። 500 ወይም 1000 ፖስታ ተደራርቦ በካርቶን ውስጥ የተኛ ክምር ነው የምትነድፉት። አንዱ ላይ የማይታይ ጉድለት 500 ጊዜ ሲደመር ማሽን ያቆማል። ሁለት ስሌት ላሳያችሁ። አንዱ የርዝመት ነው፤ ሌላው የውፍረት።

መጀመሪያ ርዝመቱ። በኮምፒውተር ወረቀት ጠርዝ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል ግማሽ ኢንች ይራራቃሉ። ይህም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ፕሪንተሩ ደግሞ በተለመደው አሠራር በአንድ ኢንች 6 መስመር ይጽፋል። ስለዚህ በአንድ ቀዳዳ ልክ 3 መስመር ይሄዳል። 11 ኢንች ርዝመት ያለው የተለመደው ወረቀት 22 ቀዳዳና 66 መስመር የሚይዘው ለዚህ ነው። የጎጃም ቁም ጸሐፊዎች ይህን ነገር ቀድመው ያውቁታል። ብራናው ሲዘጋጅ ጠርዙ በወስፌ ይበሳል፤ መስመሩ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይሰመራል። ጽሑፉ ገና ሳይጀመር ልኩ ከጠርዙ ተይዟል። በተያያዥ ፖስታም ልክ የሚያዘው ከጠርዙ ነው።

አሁን አንድ ዲዛይነር ዲኤል የሚባለውን ፖስታ ይዞ መጣ እንበል። ኤ4 ወረቀት ለሦስት ታጥፎ የሚገባበት ረጅሙ ፖስታ ነው። ቁመቱ 110፣ ወርዱ 220 ሚሊ ሜትር ነው። ክዳኑ ታጥፎ፣ ፖስታዎቹ በየ110 ሚሊ ሜትሩ ተያይዘው ተሠሩ። የቢሮው ሠራተኛ ፕሪንተሩን 26 መስመር ላይ አስተካከለው። 26 መስመር ማለት 110.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያው ፖስታ ያምራል። አሥረኛውም ያምራል። መቶኛው ላይ አድራሻው ወደ 7 ሚሊ ሜትር ተንሸራቷል። አምስት መቶኛው ላይ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ሄዷል። አድራሻው የመሥሪያ ቤቱ ስም ላይ ይወጣል፤ ወይም ከፖስታው ያልፋል። ሠራተኛው ፕሪንተሩን ይወቅሳል። ፕሪንተሩ ግን ያዘዙትን ነው የሠራው።

ስለዚህ ከአንዱ ፖስታ መጀመሪያ እስከ ሚቀጥለው መጀመሪያ ያለው ርቀት ሁልጊዜ ሙሉ የቀዳዳ ቁጥር ይሁን። ኤ4 ወረቀት ለአራት ታጥፎ የሚገባበት ሲ6 ፖስታ ቁመቱ 114 ሚሊ ሜትር ነው። 9 ቀዳዳ 114.3 ይሆናል። ክዳኑ ከታጠፈ ገጠመ ማለት ነው። ዲኤሉን ደግሞ ክዳኑን ገልጣችሁ ብትሠሩት 110 ለኪሱ፣ 38 ለክዳኑ፣ 4.4 ለማያያዣው ስጡ። ድምሩ 152.4 ነው። ልክ 12 ቀዳዳ፣ ልክ 36 መስመር። በካልኩሌተር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን ደቂቃ ሎጎ ከመሣላችሁ በፊት ስጡት።

ቀጥሎ ውፍረቱ። እኔ ብዙ ጊዜ ሲበላሽ የማየው እዚህ ጋ ነው።

ባለ 80 ግራም ወረቀት ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ የምናገኘውን ተራ ፖስታ በጣታችሁ ዳብሱት። መሐሉ ሁለት ሽፋን ነው፤ የፊቱና የጀርባው። ጎኑ ላይ፣ የታጠፈው ጆሮ ከጀርባው ጋር በሙጫ የተያዘበት ቦታ፣ ሦስት ሽፋን ነው። ቀዳዳ ያለበት የዳር ወረቀት ደግሞ አንድ ሽፋን ብቻ ይሆናል። አሁን 500 ደርድሩ። መሐሉ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር። ጠርዙ 5 ሳንቲ ሜትር። ይህ ክምር አይደለም፤ መሐሉ የጎደጎደ፣ ዳሩ የወረደ ነገር ነው። ካርቶን ውስጥ ይንሸራተታል። ፕሪንተሩ ሲጎትተው አንዱ ጎን ቶሎ ይመጣል፣ ሌላው ይዘገያል። ቀዳዳው ከጥርሱ ይወጣና ይቀደዳል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ክምር አይቻለሁ። አንድ ሠራተኛ ፕሪንተሩ ኋላ ቆሞ ክምሩን በሁለት እጁ ደግፎ ይዞ ነበር። ፖስታው የተያያዘው ሰው እንዳይቆምበት ነበር እኮ!

ጎኑን ማጠፍ መተው የመጀመሪያው መፍትሔ ነው። ፊቱ ከአንድ ጥቅል ወረቀት፣ ጀርባው ከሌላ ጥቅል ይምጣ። ግራና ቀኝ ጎናቸው ላይ ቀጭን ሙጫ ተቀብቶ አንዱ በሌላው ላይ በቀጥታ ይጣበቁ። ጆሮ የለም፤ ሦስተኛ ሽፋን የለም። ሁለቱም ጥቅሎች እስከ ቀዳዳው ጠርዝ ድረስ ይሂዱ፤ ቀዳዳውም ሁለቱን አብሮ ይብሳቸው። ያኔ ከግራ እስከ ቀኝ ሁሉም ቦታ ሁለት ሽፋን ይሆናል። የሚቀደደው የዳር መስመር ከሙጫው ውጪ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። አለበለዚያ ዳሩን ስትቀድዱ ኪሱ አብሮ ይከፈታል።

ክዳኑስ? ክዳኑ ባለበት ቦታ አንድ ሽፋን ብቻ ነው ያለው። እዚህ ላይ የአስተጣጠፉ ነገር ይረዳናል። ተያያዥ ወረቀት አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ እየታጠፈ ነው የሚከመረው። የመጀመሪያው ፖስታ ራሱ ወደ እናንተ ከሆነ የሁለተኛው ራሱ ወደ ግድግዳው ነው። ሦስተኛው እንደገና ወደ እናንተ ይዞራል። ስለዚህ ፖስታው ራስ ወይም ግርጌ ላይ ያለ ወፍራም ወይም ቀጭን ቦታ በክምሩ ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ይሆናል። ክምሩ መሐሉ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ ወደ አንድ ወገን አያዘምም። ግራና ቀኝ ጎን ላይ ያለ ውፍረት ግን አይከፈልም። ወረቀቱ ሲታጠፍ ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ ሆኖ ይቀራል። 500 ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይደመራል።

እባካችሁ ይህን በራሳችሁ እጅ ሞክሩት። አንድ ረጅም ወረቀት ውሰዱ፤ ወደዚህና ወደዚያ እጠፉት። በየገጹ ራስ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉ፤ ከዚያ በሌላ ወረቀት ላይ በየገጹ ቀኝ ጎን ለጥፉ። ሁለቱን ክምር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከእኔ ንግግር ይልቅ ያ ያስረዳችኋል። ተያያዥ ፖስታ ላይ ውፍረት ማስቀረት ካልቻላችሁ አግድም አድርጉት፤ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ቁም አታስኪዱት።

ማያያዣው ላይ ብዙ አልቆይም። ሁለቱን ፖስታ የሚያገናኘው መስመር ሲጎተት መያዝ፣ በእጅ ሲቀደድ መልቀቅ አለበት። የተቆረጠው ረዘም፣ የተያዘው አጠር ይላል። ዳርና ዳሩ ላይ ግን የተያዘውን ትንሽ አስረዝሙት፤ መቀደድ ሁልጊዜ ከዳር ነው የሚጀምረው። መስመሩ በፖስታው ኪስ ላይ በፍጹም አይለፍ።

የሙጫ ነገር በእኛ አገር ክረምት ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የክዳን ሙጫ በምላስ ወይም በእርጥብ ስፖንጅ ሲነካ ነው የሚሠራው። ብዙ ጊዜ ከስታርች የሚወጣ ዴክስትሪን ወይም ከግራር ዝርያ የሚገኝ ሙጫ ነው። እርጥበት ይጠብቃል፤ እርጥበቱ ከአየር ቢመጣም ግድ የለውም። ከሰኔ እስከ መስከረም ማርቆስ ላይ፣ ባሕር ዳርም ጣና ዳር፣ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ፖስታ ራሱን በራሱ ሲያሽግ አይታችኋል። አንድ በአንድ ያለ ፖስታ ሲታሸግ የሚጠፋው አንድ ፖስታ ነው። ተያያዥ ከሆነ ግን የአንዱ ክዳን ከሚቀጥለው ፖስታ ጋር ይጣበቅና ክምሩ በሙሉ ጡብ ይሆናል።

ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ሙጫው ላይ ልጣጭ ወረቀት ማድረግ ነው፤ ሲፈለግ ይላጣል። ጥሩ ነው፤ ግን እሱም ሽፋን ነው፣ ውፍረት ይጨምራል። ሌላው ከራሱ ጋር ብቻ የሚጣበቅ የላቴክስ ሙጫ ነው። ክዳኑም ኪሱም ይቀባል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይይዛሉ፤ ተራ ወረቀት ሲነኩ አይይዙም። ግን ክምሩ ውስጥ የአንዱ ቅብ ከሌላው ቅብ ጋር እንዳይገናኝ ቦታውን ማሰብ ያስፈልጋል። የአንዱ ራስ ከሚቀጥለው ግርጌ ጋር እንደሚገናኝ አትርሱ። ላቴክስ ሲቆይም ኃይሉ ይደክማል። ለሁለት ዓመት የሚሆን አትዘዙ። እኔ ለክረምት ሥራ ልጣጩን እመርጣለሁ።

ወረቀቱ ራሱም እርጥበት ይጠጣል። ሲጠጣ ደግሞ እኩል አያብጥም። ወረቀት እንደ እንጨት ጭረት አለው። በጭረቱ አቅጣጫ ብዙ አይለጠጥም፤ በጭረቱ ወርድ ነው የሚሰፋው። ጭረቱ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ከሆነ የቀዳዳው ርቀት አይዛባም። ወርዱ ትንሽ ቢሰፋ የፕሪንተሩን ቀኝ ትራክተር (ወረቀቱን የሚጎትተውን ባለ ጥርስ ክፍል) ላላ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል። የቁመቱ መዛባት ግን ማስተካከያ የለውም። ወረቀቱ ከደስጣው ወጥቶ ማሽኑ ያለበት ክፍል ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይረፍ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጭነት ጎሐ ጽዮን ላይ ይበርዳል፤ ዓባይ በረሃ ወርዶ ይሞቃል፤ ደጀን ወጥቶ እንደገና ይበርዳል። ያ ወረቀት ሲደርስ ወዲያው ማሽን ላይ መውጣት የለበትም። ታትሞ ያለቀ ተያያዥ ፖስታ በዚያ መንገድ የምትልኩ ከሆነም ካርቶኑ ልክ የክምሩን ያህል ይሁን። ክፍተት ካለ ጠመዝማዛው ላይ ክምሩ ይፈርሳል።

አየርም አለ። ሁሉም ጎኑ በሙጫ የተዘጋ ኪስ ውስጥ አየር ይቀራል። ሮለሩ ሲጫነው አየሩ መውጫ ይፈልጋል፤ ካጣ ሙጫውን ይከፍተዋል ወይም ወረቀቱን ይሸበሽበዋል። ታች ማዕዘኖቹ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሙጫ ሳይቀባ ይለፍ። ወረቀት አይወጣበትም፤ አየር ግን ይወጣበታል።

ወደ ኅትመቱ እንምጣ። ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር የሚጽፈው በመምታት ነው። ቀጫጭን ፒኖች ሪባኑን ይመቱታል፤ ሪባኑ ወረቀቱን ይነካል። ስለዚህ የፖስታው ውፍረት ለጽሑፉ ጉዳይ ነው። የብዙ የቢሮ ፕሪንተሮች አቅም አንድ ዋናና ሦስት ቅጂ ነው፤ አራት ሽፋን ማለት ነው። ከዚያ በላይ አታስቡ። ፒኖቹን የያዘውን የፕሪንተሩን ራስ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማንሻም ለውፍረቱ አስተካክሉ። ጽሑፉ ሽፋን በሚለወጥበት ዳር ላይ እንዳያልፍ አድርጉ። ፒኑ ከሁለት ሽፋን ወደ ሦስት ሲዘል ሪባን ይቀድዳል፤ አንዳንዴም ፒን ይሰበራል። ዲዛይነሩ አድራሻው የሚወጣበትን ሜዳ ጠፍጣፋ ማድረግ አለበት። ለፖስታ ቤቱ ከላይ 40፣ ከታች 15፣ ከቀኝ 15 ሚሊ ሜትር ነጻ ተዉለት። ላይኛው ቀኝ የቴምብሩና የማኅተሙ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ዶት ማትሪክስ ጊዜው አልፎበታል ትሉ ይሆናል። ለአንድ ሥራ ግን እጅግ ይመቻል። የኤቲኤም ካርድ ስትወስዱ የሚስጥር ቁጥሩ ታሽጎ የሚሰጥበትን ፖስታ አስቡት። ቁጥሩ የታተመው ፖስታው ከታሸገ በኋላ ነው። ሪባኑ ከፕሪንተሩ ይወጣል። ፒኖቹ ባዶውን ሽፋን ይመታሉ። ላዩ ላይ ምንም አይታይም። ከሽፋኑ ጀርባ ያለው ካርቦን ወይም ካርቦንለስ ቅብ ግን ምቱን ተቀብሎ ቁጥሩን ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ያሳርፈዋል። ላዩ ደግሞ በተወሳሰበ ጥቁር ሥርዓተ ጥለት ይሸፈናል፤ በብርሃን ቢታይም ቁጥሩ አይነበብም። ካርቦንለስ ወረቀት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤንሲአር ኩባንያ የተሠራ ነው። ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን የቀለም እንክብሎች ሲመቱ ይፈነዱና ከታች ካለው ቅብ ጋር ተዋህደው ቀለም ይሰጣሉ። ሌዘርም ኢንክጄትም ወረቀቱን ስለማይመቱ በዚህ መንገድ መሥራት አይችሉም። ቁጥሩን ያተመው ሠራተኛ እንኳ ቁጥሩን አያየውም። እኔ በፖስታ ሙያ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስደስተኝ ሥራ የለም። የሰው ምስጢር በእምነት ብቻ ሳይሆን በወረቀቱ አሠራር ተጠብቋል።

ሌዘር ላይ ፖስታ የምታትሙ ደግሞ ሙቀቱን አስቡ። የሌዘር ማጣበቂያ ክፍል ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። የክዳን ሙጫ ሊነቃ ይችላል፤ ተራ የፕላስቲክ መስኮት ሊቀልጥና ሮለሩ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ለሌዘር የተሠራ መሆኑ ያልተጻፈበትን ፖስታ አታጉርሱት።

መስኮት ካነሳሁ አይቀር፣ ሥራችሁ በወር ሁለት መቶ ፖስታ ከሆነ ተያያዥ ፖስታ አትሥሩ። ባለ መስኮት ፖስታ ይበቃችኋል። ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ዘዴ ነው፤ ቺካጎ ውስጥ አሜሪከስ ካላሃን የተባለ ሰው ነው የባለቤትነት መብት ያወጣበት። አድራሻው ደብዳቤው ላይ ይታተማል፤ በመስኮቱ በኩል ይታያል። ተያያዥ ፖስታ የሚያዋጣው ብዛት ሲኖር ነው፤ ወይም ውስጡ ያለው ወረቀት ራሱ አብሮ ታሽጎ ሲታተም ነው።

አሁን ስለ ፊደላችን። ባለ 9 ፒን ፕሪንተር ለላቲን ይበቃ ይሆናል፤ ለግዕዝ ፊደል አይበቃም። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው በትንሽ ቅጥያ ነው። ሰ እና ሱ፣ ቀ እና ቁ፣ ነ እና ኘ በ9 ነጥብ ቁመት ውስጥ ይደባለቃሉ። ስም ላይ ደግሞ ይህ ይቅር የሚባል አይደለም። ባለ 24 ፒን ተጠቀሙ። መረጃው ደግሞ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ደረጃ፣ ይሁን። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። እስካሁን ግን በድሮ ፎንት የተጻፈ የስም ዝርዝር በየቢሮው አለ። ያ ዝርዝር ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲገባ ስሙ ምልክት ብቻ ይሆናል። ኅትመቱ በራሱ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ዝርዝሩን ለውጡ። አምስት መቶ የተበላሸ ስም በፍጥነት ማተም ለማንም አይጠቅምም።

ለስም በቂ ቦታ ስጡ። «ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ገብረ ሚካኤል ኃይለ ማርያም» ብዬ አንድ ስም ልፍጠር። ክፍት ቦታውን ጨምሮ 32 ፊደል ነው። በኢንች 10 ፊደል ሲታተም ከ8 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከውጭ የተቀዳ ዲዛይን ለስም 6 ሳንቲ ሜትር ሲሰጥ አያለሁ። የአያት ስም ተቆርጦ ይቀራል። በአንድ ቀበሌ ስንት ሰው በስሙና በአባቱ ስም እንደሚመሳሰል እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። አያት ሲቆረጥ ፖስታው ባለቤቱን ያጣል።

ንግግሬ እዚህ ላይ አበቃ። ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱን ግን መተው አልፈለግሁም። ማተሚያ ቤት ያላቸው አንድ አባት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የተናገርከው ሁሉ በጥቅል ወረቀት ለሚሠራ ትልቅ ማሽን ነው። እኛ ያለን በነጠላ ወረቀት የሚያትም የኦፍሴት ማሽንና መቁረጫ ነው። ለእኛ ምን አለህ?»

ጋሼ፣ ለእርስዎም አለኝ። ተራውን የኮምፒውተር ወረቀት እንደ ተሸካሚ ይጠቀሙበት። ወርዱ 241 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 11 ኢንች የሆነው ገበያ ላይ አለ። አንዱ ገጽ 22 ቀዳዳ ነው። ሁለት ሲ6 ፖስታ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ 11 ቀዳዳ፣ 33 መስመር። ፖስታዎቹን ቀድመው በኦፍሴት ያትሟቸው። ከዚያ በተሸካሚው ላይ ያስቀምጧቸው። ቦታቸው እንዳይዛባ ጣውላ ላይ ሁለት ቀጭን ምስማር ይምቱ፤ የወረቀቱ ቀዳዳዎች እዚያ ላይ ይግቡ። የፖስታውን ማረፊያም ጣውላው ላይ በወፍራም ካርቶን ማዕዘን ያድርጉለት። ሁለት ልጆች ተቀምጠው በፍጥነት ይሠሩታል። ሥራው በደንብ የሚከፈል እንጂ የሚናቅ አይሁን።

ሙጫው በቀላሉ የሚላቀቅ ዓይነት ይሁን። ቀድሞ ወደ ፕሪንተሩ በሚገባው ጫፍ ላይ ብቻ፣ ወርዱ 5 ሚሊ ሜትር በሆነ አንድ መስመር ይቀባ። ሁለቱንም ጫፍ እንዳይለጥፉት። ወረቀቱ ሮለሩን ሲዞር ከላይ ያለው ፖስታ ከሥሩ ካለው ተሸካሚ ትንሽ የረዘመ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱም ጫፍ ከተያዘ ይሸበሸባል፤ የፕሪንተሩን ፒኖች ይነካል። አንዱ ጫፍ ነጻ ከሆነ ተንሸራቶ ይስተካከላል። የገጹ መታጠፊያ በሁለት ፖስታ መካከል መውደቁን ይዩ። ጎኑ ላይ ጆሮ ያለው ፖስታ ከሆነ ክምሩን ከመቶ አያሳልፉት፤ መቶውን አትመው ሌላ መቶ ያስገቡ። ከተሸካሚው ጋር አራት ሽፋን የሚሆንበት ቦታ ስለሚኖር ማንሻውን አንድ እርከን ከፍ ያድርጉ። መጀመሪያ አሥሩን ብቻ ይሞክሩት፤ አንደኛውና አሥረኛው ላይ አድራሻው ያረፈበትን ቦታ በማስመሪያ ይለኩ። እኩል ከሆነ መቶውን ይልቀቁት።